የየራሳቸው ሰርቨር

የመሥሪያ ቤቱን መረጃ ሁሉ የተሸከመው ሰርቨር አንድ ብቻ ነበር። ኃላፊዎቹ ግን መጋራትን እንደ ውርደት ስለሚቆጥሩት፣ የኮምፒውተር ባለሙያው አንዱን ማሽን በሶፍትዌር ስድስት ቦታ ከፋፈለና ለእያንዳንዳቸው «ይኸው የራስዎ» አላቸው።

ሊያዩ ሲመጡም ያንኑ ሣጥን የመጣውን ሰው ስም ለጥፎበት ያሳያል። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ትርንጎ በመሐረባቸው ወለወሉት። የፋይናንሱ አቶ ደምሰው ደግሞ «ከሷ ይበልጣል አይደል?» ብለው ጠየቁ።

«ምን አገናኝቶት ጌታዬ» አላቸው በሆዱ እየሳቀ። እነዚህ እንኳን ሰርቨር፣ ባዶ ካርቶን ቢያሳያቸውም መርቀውት ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ሁለቱ ስብሰባ ላይ ተዘላልፈው ተለያዩ። ብዙም ሳይቆይ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በሙሉ ቀጥ አለ፤ ስድስቱም ክፍል ስልክ ይደውል ጀመር። ባለሙያው ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሮጠ። አቶ ደምሰው የተነቀለ የኤሌክትሪክ ገመድ ጨብጠው ከሣጥኑ ፊት ቆመዋል። ሣጥኑ ላይ እሱ ማንሳት የረሳው የወይዘሮ ትርንጎ ስም እንደተለጠፈ ነው።

«የሷን ነቅዬላታለሁ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የኔ የትኛው ነበር? እሱን ቆልፍልኝ፤ ሴትዮዋ ቂመኛ ናት።»