ቸርኬው ሲመታ

«ደወል ይደውልላቸው ነበር» አለ መምህር ንጉሴ፤ ጠዋት ያለውን አሁንም ደገመው። «ታጣቂዎቹ እዚሁ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰፍረው፣ ዳይሬክተራችን ለምሳ ይጠራቸው ነበር። የመርሳ ከተማ ሰው ሙሉ ሰምቷል።» አንቱታውን የት እንደጣለው እንጃ።

ዳይሬክተሩ ጋሽ ኢዘዲን በሩ ላይ ቆመዋል። ወንበር ስላልተረፈ እኛ መምህራኑ ብሎኬት ላይ ተቀምጠናል። ጦርነቱ ሲመጣ እኛ ሸሸን፣ እሳቸው ቀሩ። ዛሬ ትምህርት ይጀመራል፤ እኛ ግን ከእሳቸው ጋር አንሠራም ብለናል።

ሰውዬው ተቆጥተው አያውቁም። ስናረፍድ ክፍላችን ገብተው ያስተምሩና፣ ስንደርስ ጠመኔውን መዳፋችን ላይ አስቀምጠው ይወጣሉ። ቃል የለም። ያንን ጠመኔ አንዴ የተቀበለ ሁለተኛ አያረፍድም። ወደ ወልድያ የመጣልኝን ዝውውር እምቢ ያልኩት ለምን መስሏችሁ ነው?

ለዚህ ነው ከሁሉም በላይ እኔ የነደድኩት።

«ጋሽ ኢዘዲን፣ ደውለዋል አልደወሉም?»

«ደውያለሁ።»

«ለማን?»

ዝም አሉ። ያ የምወደው ዝምታቸው።

«እንግዲያው ከእርስዎ ጠመኔ የሚቀበል እጅ የለኝም» አልኩ። ምላሴ እንደሁ ሰንፎ አያውቅም።

ከኪሳቸው የቢሯቸውን ቁልፍ አወጡ። መዳፌን ገልጠው አስቀመጡልኝ፤ ልክ እንደ ጠመኔው። ወጡ። መስታወቱ በረገፈው መስኮት ሳይ፣ አስፋልቱ ዳር ሚኒባስ አስቁመው ገቡ። ሚኒባሱ ታጠፈና ጠፋ።

«ተገላገልን!» አለ ንጉሴ።

ደጅ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት መታሁት። ከተመለስን የመጀመሪያው ደወል ነው። ወንዶቹ ተማሪዎች ተጋፍተው ተሰለፉ። ሴቶቹ ግን ተፈተለኩ፤ ጫማቸውን እየጣሉ፣ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለኩ፣ ከግቢው ጀርባ ያለው የማንጎ ተክል ውስጥ ገቡ።

ተከትያቸው ሮጥኩ። የስምንተኛ ክፍሏ ዘይነባ ግንድ ሥር ተኮራምታለች።

«ቲቸር፣ መጡ እንዴ?»

«ማን ነው የሚመጣው? የክፍል ደወል እኮ ነው!»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ታጣቂዎቹ እኛን ሴቶቹን ፍለጋ ወደየቤታችን ሲነሱ ጋሽ ኢዘዲን ቸርኬውን ይመቱልን ነበር። ስንሰማ እዚህ እንገባለን። እነሱ የሰዓት ደወል ይመስላቸዋል።» ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «እዚህ ሳይደርሱ የተያዙም አሉ፣ ቲቸር። የማናችሁም ስም እንዳይነሳ፣ ቢገድሉኝም ለማን እንደደወልኩ አልናገርም ብለውናል።»