ሳጅን ወንድይፍራውና መኪናው

ይህ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ! ለሳጅን ወንድይፍራው መንግሥት የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ችሎለት “ለሥራም ንዳት” ብሎታል፤ ነዳጁ ግን ከገዛ ኪሱ ነው።

አንድ ቀን የወርቅ ቤት ዘራፊ ሲያሳድድ ኮረኮንች መንገድ ላይ ደረሰና ለመኪናው አንጀቱ አልችል አለ። ዳር አቁሟት በእግሩ መሮጥ ጀመረ። ባለሽጉጡ ዘራፊ በአጥር ዞሮ መጣና ቁልፏ እዚያው የተረሳባትን መኪና አስነስቶ ፈረጠጠ።

“ኧረ ልጄን! ኧረ መኪናዬን!” እያለ ሳጅን ከኋላ ተከተለ። ከከተማው መውጫ፣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ መኪናዋ ተንተፋትፋ ቀጥ አለች። በር ጠባቂዎቹ ፖሊሶች ወደ እሷ ሲመጡ ሳጅን ከሩቅ አየ። “ሽጉጥ ይዟል!” ብሎ ሊጮህ ፈለገ፤ ትንፋሽ ከየት ይምጣ?

“ዛሬም ነዳጅ ጨረስክ፣ ሳጅኔ? አንተ ቆንቋና!” አሉ፣ መሪውን ማን እንደያዘ እንኳ ሳያዩ። እንደ ወትሯቸው ከኋላ እየገፉ ግቢ አስገቧትና በሩን ዘጉት።

ዘራፊው ግቢ ሙሉ ፖሊስ ሲያይ ሽጉጡን ትቶ ወረደና “ስለገፋችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ” አላቸው።

እሺ፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ያስባልኩት እኔ ነኝ።