ሩብ ዙር

«አጠበቅሽው!» ይላል ባሌ ከሳሎን ሆኖ። «ትንሽ መልሺው፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል።»

እንዴት እንዳወቀ አልጠይቅም። ለሌላው ሰው ነገር በዐይን ይገባል፤ ለእሱ በጆሮ ነው። ሠላሳ ዓመት አናጢ ሆኖ የኖረ ሰው የብሎን ሲጥታ ግድግዳ አይከልልበትም። ካቻቢቴ በሌላ ሰው እጅ ማየት ግን አይችልም። ስለዚህ መኝታ ቤቱን ለእኔ ለቆ እዚያ ቁጭ ብድግ ይላል።

የቁም ሳጥኑ በር አልጋው ላይ ተጋድሟል። መሃሉ ላይ የሚታጠፍ በር ነው፤ ራሱ ነው የሠራው። ዛሬ ጠዋት ሸሚዝ ሊያወጣ ሲታገል ከነሐዲዱ ነቅሎ ጣለው። «አርጅቶ ነው» አለኝ። እኔም «አዎ፣ አርጅቷል» አልኩ።

በሩ አላረጀም። በቀኝ እጅ ተስቦ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ በር ነው። የእሱ ቀኝ እጅ ደግሞ ስትሮክ ከመታው ወዲህ፣ ይኸው ሰባት ወሩ፣ ከጎኑ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። በግራው አሻግሮ ሲጎትት ነው የነቀለው።

ለጠየቀው ሁሉ «በሚቀጥለው ወር ይመለሳል» ይላል። እንደማይመለስ ሐኪሙ ለእኔ ለብቻዬ ነግሮኛል። እኔ ለእሱ መንገር አቃተኝ። ፈሪ ነኝ። «አዎ፣ በሚቀጥለው ወር» እያልኩ ሰባት ወር አብሬው ዋሸሁ።

ዛሬ አፌ ያልቻለውን እጄ ጀምሮታል። በሩ የሚቆምባቸውን ብረቶች ከቀኝ ፈትቼ ወደ ግራ አዙሬያቸዋለሁ። የታችኛውን ያሰርኩት እሱ ስልክ ሲያወራ ነው፤ ለጓደኛው «በሚቀጥለው ወር» ሲል በድምፁ ተከልዬ። የቀረኝ የላይኛው ነው።

በሩን አንስቼ አቆመዋለሁ። ወንበር ላይ እወጣለሁ።

«ቀስ በይ እንጂ! ምን ያጣድፍሻል?»

«ሥራዬን ልሥራበት፣ አንተ ሰው!»

«ኧረ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» ብሎ ይስቃል። ሳቁን ናፍቄው ነበር።

ብሎኑን አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር አዞራለሁ።

«ስሚ።»

«አቤት።»

«ድምፁ በግራ፣ በመስኮቱ በኩል ነው የሚመጣው። ማቆሚያው እኮ በዚያኛው በኩል ነው።»

የሚጎተተው እግሩ ኮሪደሩን ሲያቋርጥ እሰማለሁ። መጥቶ ደፉ ላይ ይቆማል። በሩን ያያል፤ በቀኝ በኩል ባዷቸውን የቀሩትን የብሎን ቀዳዳዎች ያያል።

«ተሳስተሽ ነው» ይላል። እንደ ልመና ነው የሚለው።

«አዎ» ካልኩት ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ሁሉንም ፈትቼ እመልሳለሁ፤ በሚቀጥለው ወር እንላለን፤ አንድ ቀን ጠዋት በሩ እንደገና ይወድቃል።

«አልተሳሳትኩም።»

ፊቱን አላይም፣ አልችልም። ከወንበሩ ወርጄ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ገብቶ የግራ እጁን ጣት በባዶዎቹ ቀዳዳዎች ላይ ያሳልፋል። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ግራ እጁን ይዘረጋና እጀታውን ይስባል። በሩ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ወለሉን ፍቆ ይቆማል።

«ከታች ይነካል» ይላል። ድምፁ ሻክሯል። «ሩብ ዙር ከፍ ማለት አለበት።»

«እሺ፣ እኔ አነሳዋለሁ።»

«አምጪው።»

ካቻቢቴውን ግራ መዳፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ። አልጋውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ ብሎኑን ይፈልጋል። አንዴ ያዳልጠዋል። ሁለተኛም ያዳልጠዋል፤ የካቻቢቴው ጫፍ እንጨቱን ይጭረዋል፣ እንከን ወጥቶለት የማያውቀውን ሰው ሥራ።

እጆቼን ጭኖቼ ሥር ከትቼ እቀመጥባቸዋለሁ።