ሳው ከቅርጫቱ ሥር የምታወጣው እንቁላል

«ፊትሽን አዙሪ!» አለች ሳው፣ ከገመዱ ላይ ፎጣ መንጭቃ የእንቁላል ቅርጫቱን እየሸፈነች። «አዙሪ ብያለሁ!»

ልጇ ዲየም እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። «እማ፣ እንቁላል መሀል ወልደሽ እንቁላል መሀል ነው ያሳደግሽኝ። ዛሬ ባየው ምን እሆናለሁ?»

«በፈተና ቀን አይበላም፣ አይነካም፣ አይታይም።»

ካን ቶ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። በፈተና ቀን እንቁላል የቀመሰ፣ ወረቀቱ ላይ ያንኑ ድቡልቡል ዜሮ ይዞ ይመለሳል። «አይታይም» የሚለውን ግን ሳው ራሷ ናት የጨመረችው። ልጅቷ የምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሌላውን ሁሉ አልፋ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ የሚሉት ትምህርት ጥሏታል። ዛሬ ከሰዓት ድጋሚ ትፈተናለች። አሁንም ከወደቀች ነጻ የትምህርት ዕድሏ ይቋረጣል። ሳው ደግሞ ጫጩት የያዘ የዳክዬ እንቁላል ቀቅላ ሸጣ በምታገኘው ገንዘብ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር አትችልም። ባለፈውም ፈተና እንቁላሉን ደብቃ ነበር። ያን ጊዜ ልጅቷን የጣላት ጎረቤቶች የጠበሱት እንቁላል ሽታ ነው፤ በዚህ ማንም አይሟገታትም።

«ምኑ ነው አልገባ ያለሽ?»

ዲየም ዱካው ላይ ተቀምጣ አነበበችላት። «አንድ ፋብሪካ ብዙ ብሎን ይመጣለታል። ሃያውን አውጥቶ ያያል። ከአንድ በላይ ብልሹ ካገኘ ጭነቱን በሙሉ ይመልሳል። ከአስር ብሎን አንዱ ብልሹ ቢሆን፣ ጭነቱ የማለፍ ዕድሉ ስንት ነው?» ወረቀቱን ጭኗ ላይ ጣለችው። «ቀመሩን በቃሌ ይዤዋለሁ እማ። ጥያቄውን ትንሽ ሲያጣምሙብኝ ግን ይጠፋብኛል። ለምን ሃያ? ለምን አንድ? እንዲህ የሚሠራ ሰው አለ?»

«ሥራ የፈታ ሰው ይሆናላ» አለች ሳው።

በዚህ መሀል የሞተር ብስክሌት ጥሩንባ ተሰማ። እንቁላል አምጪው ሎይ ነው፤ ሁልጊዜ የሚመጣው ዲየም ትምህርት ቤት ስትሆን ነበር። «እትዬ ሳው! ሦስት ቅርጫት፣ አንድም እንከን የሌለው!»

«አንተ ደግሞ እንከን ያለው አምጥተህ ታውቃለህ?» አለችው። ልታባርረው አልቻለችም፤ የማታው ገበያ አለ። «ዲየም፣ አንቺ ቤት ግቢ።»

አንዱን ቅርጫት ጎትታ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። እዚያ ጨለማ ነው። ቀዳዳ ያለው ጣሳ ውስጥ አምፖል ይበራል፤ እንቁላሉን ቀዳዳው ላይ ሲያስደግፉት ሆዱ ይታያል። ቀያይ የደም ሥር ያለው ደህና ነው፣ የጠቆረው ብልሹ ነው። እጇን እስከ ክርኗ ሰዳ አንዴ ከሥር፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከመሀል ታወጣ ጀመር።

«ለምን ከላይ አታወጪም?» ዲየም በመጋረጃው ጫፍ ራሷን አስገብታለች።

«ውጪ አንቺ! የላዩን ሎይ ለዓይን ነው የደረደረው።»

«ኧረ እትዬ!» አለ ሎይ ከውጭ።

«ስንት ታወጫለሽ?»

«ሃያ። ውጪ አልኩሽ!»

«ብልሹ ካገኘሽስ?»

«አንድ እምራለሁ። ሁለት ከሆነ ቅርጫቱን ይዞልኝ ይሄዳል።»

ሳው ዞር ብላ ስታያት ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀርታለች።

«እማ፣ አንዱን ለምን ትምሪያለሽ?»

«ከጥሩ ዳክዬስ አንድ ብልሹ መች ይጠፋል? በአንድ ከመለስኩ ጥሩ ጥሩውን ስመልስ ልኖር ነው። አምስት ከማርኩ ደግሞ ደንበኛ ፊቴ ላይ ይተፋዋል። ለዚህ ደግሞ ትምህርት ያስፈልጋል?»

ዲየም መሬት ላይ ዘፍ ብላ መጻፍና የሒሳብ ማሽኗን መጫን ጀመረች። ሳው ልታስወጣት አፏን ከፈተች። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቋጥሮ የከረመው የልጅቷ ግንባር ሲፈታ አየች። ጣሳውን አዙራ ብርሃኑን ወረቀቱ ላይ አደረገችላት።

«እማ፣ እንዳትቆጪ።»

«በምኑ?»

«ከአስር እንቁላል አንዱ የተበላሸበት ቅርጫት ቢመጣልሽ፣ እንዲህ ካለው አስር ቅርጫት አራቱ ሸውደውሽ ያልፋሉ።»

«እኔን?» ሳው እንቁላሉን አስቀመጠች። «ሃያ ሁለት ዓመት! በዚህ ዓይን!»

«ዓይንሽማ ያየውን አይስትም። የሚያመልጥሽ ቅርጫቱ ውስጥ የቀረው ነው። አርባ አውጥተሽ ሁለት ብትምሪ ግን የሚያልፉሽ አራቱ ወደ ሁለት ይወርዳሉ። ጥሩውም ቅርጫት አይጎዳም። ሠርቼዋለሁ፣ እዪው!»

ውጭ ሎይ ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ሳለ።

«አንተን ምን ያስልሃል?»

«አቧራው ነው እትዬ።»

ሌሊቱን ግን ሲዘንብ ነው ያደረው፤ ከየት የመጣ አቧራ?

«ተነሺ፣ ይረፍድብሻል» አለች ሳው ልጇን፣ ፊቷን ሳታያት። ዲየም እናቷን አቅፋ፣ እንደ አገራቸው ልማድ ጉንጯን በአፍንጫዋ እያሸተተች ሳመቻት፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብስክሌቷ ላይ ወጣች። በቦዩ ዳር ስትሄድ ለብቻዋ እያወራች፣ አንድ እጇን ለቃ አየር ላይ የማይታይ ነገር እያነሳች ስታስቀምጥ ታየች።

ሳው ተመልሳ ሃያውን አይታ ስትጨርስና አንዱን ብልሹ ለብቻ ስታስቀምጥ፣ ሎይ መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አደረገ። «ሃያው ሞላልሽ አይደል? አንድ ብቻ ነው የተበላሸው። ሌሎቹን ላውርድ?»

ሳው ቅርጫቱን አየችው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያላየችው ነገር ይመስል አየችው።

«ቁጭ በል» አለችው።

እጇን እስከ ብብቷ ሰደደችና ከሥር አንድ አወጣች።

«ሃያ አንድ» አለች፣ ወደ ብርሃኑ እያስጠጋችው።