የዘይቱና ስንደዶ

«ቀጭኑን መጽሐፍ ከልጆቹ ፊት አንሺ ብያለሁ! ስንቴ ልናገር?» አለ ዲሬክተሩ።

«ጌታዬ፣ ወፍራሙን ገና አይችሉትም» አለች መምህርት እታገኘሁ። «ግማሾቹ አማርኛን ሀ ብለው የጀመሩት እኮ እዚሁ ነው።»

«አራተኛ ክፍል ተብለው የሕፃን መጽሐፍ ሲያነቡ ኢንስፔክተሩ ዛሬ መጥቶ ይይልኝ? አንቺማ ወደ ሲሬ ትዛወሪና ታርፊያለሽ፤ የምዋረደው እኔ!»

ዲሬክተሩ ገብረ መድህን ቀጫጭኖቹን ሰብስቦ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። አንዱን ግን እታገኘሁ ነጠላዋ ሥር ወሸቀችው። ለተማሪዋ ለዘይቱና ብላ ነው።

የዘይቱና አባት ከዲሮ መንደር ጧት በቅሎውን እየሳበ መጥቶ ነበር። «እትዬ፣ ዛሬ ሰውዬው ፊት ካነበበች ትማር። ካላነበበች ሽማግሌ መጥቶብኛል፤ ድሬያት ላርፍ ነው» ብሎ አጥሩ ሥር ቁጭ አለ። ልጅቱ ቀጭኑን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ትወጣዋለች። ወፍራሙን ግን ገና ትፈራዋለች።

ኢንስፔክተሩ ገባ። ልጆቹ ብድግ አሉ።

«አንቺ፣ ባለ ሻሿ! እስኪ አንብቢ።»

ዘይቱና ልጆቹ ሲያነቡ የሚጠቁሙባትን ስንደዶ ከወፍራሙ መጽሐፍ የመጀመሪያ ፊደል ሥር አሳረፈች። ቃሉ እንደ ውኃ ወረደ። ገብረ መድህን ፊቱ በራ።

እታገኘሁ የምታየው ስንደዶዋን ነበር። ድምፅዋ ገጹን ሊጨርስ ነው፤ ስንደዶዋ ግን ካረፈችበት ንቅንቅ አላለችም። ልጅቱ አጠገቧ የምትቀመጠው ብርቄ ስታነብ የሰማችውን በቃሏ እየወረደች ነው።

ኢንስፔክተሩም ልብ አለ። ጎንበስ ብሎ መጽሐፉን መሐል ላይ ገለጠው።

«ከዚህ።»

ስንደዶዋ አዲሱ ገጽ ላይ፣ ከመጀመሪያው ፊደል ሥር ቆማ ቀረች። ዘይቱና ቀና ብላ የአስተማሪዋን ነጠላ አየች፤ ቀጭኑን መጽሐፍ ስትወሽቀው አይታለች።

የእታገኘሁ እጅ ወደ ነጠላዋ ሄደ። ገብረ መድህን ጉሮሮውን ጠረገ። እጇ እዚያው ቀረ። የመጽሐፉ ልባስ በላቧ ርሶ ገላዋ ላይ ተለጥፏል።

«ይቺን ነው አራተኛ የምትሏት?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ከፊደል ቆጣሪዎቹ ጋር ትቀመጥ!»

ልጆቹ ሳቁ። ብርቄ ብቻ አልሳቀችም። ገብረ መድህን እየተቅለሰለሰ እንግዳውን ወደ መስኮቱ ወሰደና ስለሚያፈሰው ጣሪያ ያወራው ጀመር።

ዘይቱና ሻሿን አጠበቀች፤ በዴስኮቹ መሐል አልፋ ወጣች። ዞር ያለ የለም። ከአጥሩ ወዲያ የአባቷ በቅሎ ኮቴ ድንጋይ መታ፤ ከዚያ እየራቀ ሄደ።

ወፍራሙ መጽሐፍ እንደተገለጠ ነው። ስንደዶዋ አዲሱ ገጽ ላይ፣ ከመጀመሪያው ፊደል ሥር ተጋድማለች።