የአናጢው ምርጫ

አናጢው ከደረጃ ወድቆ ሲገኝ ቤት ውስጥ ከታናሽ ወንድሙ በቀር ማንም አልነበረም።

«ድምፅ ሰማሁ፤ ስወጣ ታች ተዘርሮ አገኘሁት» አለ ታናሽየው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ወንድሙን ታቅፎ ሆስፒታል ያደረሰውም እሱ ነበር።

የአናጢው ነፍስ ተረፈች። ምላሱና ገላው ግን ታሰሩ። ያያል፣ ይሰማል፤ የዓይኑ ቆብ እንኳ በፈቃዱ አይከደንም። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አለ። ደሙ ቀድሞ ፈሶ ነው የወደቀው ወይስ ወድቆ ነው የፈሰሰው፣ ማወቅ አይቻልም።

«የሆነውን ያስታውሳል?» ሲል ታናሽየው ጠየቀ።

የአናጢው ሚስት ቀና ብላ አየችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የተጣመመ ስፌት ከሩቅ ይታያታል። ጥያቄው አልጣማትም። በዚያው ሳምንት ሁለቱ ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ጉዳይ ተጨቃጭቀው ጎረቤት እስኪሰማ ተጯጩኸዋል።

«ሳያስታውስ አይቀርም» አለ ሐኪሙ። «የቀኝ አውራ ጣቱም ትንሽ ስትንቀሳቀስ ያየሁ መስሎኛል። አለማምዷት፤ ተስፋ አትቁረጡ።»

ታናሽየው ብዙም ሳይቆይ አንድ ያረጀ የጌም ማጫወቻ ይዞ መጣ። ወጣት ሳሉ ሁለቱ ተጋፍተው የሚጫወቱበት ነው።

«እትዬ፣ ይሄን እንዴት ይወደው እንደነበር! የግድያ ምርመራ ነው። ሀብታሙ ሰውዬ ይሞታል፤ ገዳዩን ማግኘት ነው። ታሪኩ አንቺ እንደመረጥሽው ነው የሚሄደው። ምናልባት ጣቱን ያነቃቃለት እንደሆነ።»

መርማሪውን በእጅ በሚያዘው መቆጣጠሪያ፣ በጆይስቲኩ፣ እንዴት እንደምታስኬደው አሳያት። ጭነት እየጠበቀው ስለነበር ሌላውን ሳይጨርስላት ወጣ።

መጀመሪያ ሳቀች። የሰዎቹ ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል፤ ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው ድምፁ ከወጣ በኋላ ነው። ባሏ ድሮ «ልክ እንደ ፊልም እኮ ነው» ይላት ነበር።

«ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳችሁ?» አለችው።

ግን ብዙም ሳይቆይ ሰሙን ረሳችው። ዝናቡ፣ ያ ባዶ ቤት፣ እያንዳንዱ ሰው የሚደብቀው ነገር ያዛት። ስፌቷን ከጭኗ ላይ አንስታ ወዲያ አደረገች።

በምዕራፉ መጨረሻ መርማሪው ፊቱን አዞረና «ማንን ትጠረጥራለህ?» አለ። አራት ስሞች ወጡ፤ ወንድምየው፣ ሚስትየው፣ ሸሪኩ፣ ዘበኛው። ለእያንዳንዳቸው ጆይስቲኩ ላይ አንድ አንድ ቁልፍ አለ። ከሥራቸው ያለው ነጭ መስመር ማጠር ጀመረ።

ጆይስቲኩን ባሏ መዳፍ ውስጥ አስገብታ አውራ ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አኖረች።

«በል፣ አንተ ምረጥ» አለችና ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች።

ትንሽ ቆይቶ መርማሪው «ወንድምየው ነው» አለ።

እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ጣቱ ሠራች! ከዚያ የተመረጠው ሰው ማን እንደሆነ ሲገባት እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

በሁለተኛው ምዕራፍም ያው ሆነ። ልቧ አላርፍ ስላላት ጌሙን እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችው። አሁንም ወንድምየው። ዞር ብላ ስታይ የባሏ ግንባር በላብ ረጥቧል፤ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል።

«ገባኝ፣ የኔ ጌታ። ገባኝ። ከእንግዲህ አትጨነቅ» አለችና ላቡን ጠረገችለት። ጌሙንም ዘጋችው።

ታናሽየው ከመንገድ ሲመለስ ብርቱካን ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆመችበት።

«ሁለተኛ እዚህ ቤት እግርህ እንዳይረግጥ።»

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ራሱ ነግሮኛል።»

«ነገረሽ? አፉ ተፈታ?» የታናሽየው ፊት በአንዴ በራ። «መናገር ጀመረ በይኛ!»

እንዴት ያለ አስመሳይ ነው፣ ብላ አሰበች። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው።

ደጋግሞ መጣ። ከመስኮቱ ሥር ቆሞ የወንድሙን ስም ይጣራል። እሷም ለፖሊስ አመለከተች፤ ለጎረቤቱም ተናገረች። ፖሊስ ማስረጃ አጥቶ ለቀቀው፤ ጎረቤት ግን አለቀቀውም። አሠሪው መኪናውን ተቀበለው። ሰላም የሚለው ሰው ሲያጣ ከተማውን ጥሎ ሄደ።

አናጢው ከዚያ ወዲህ መዋጥ እምቢ አለው። ሾርባውን በማንኪያ ስታቀርብለት በከንፈሩ ዳር ይፈስሳል። «ለኔ ስትል» ትለዋለች፤ «ሄዷል እኮ፤ ማንም አይነካህም።» እንባው ይወርዳል። እሷም አብራው ታለቅሳለች። ሐኪሙ ምንም ማድረግ አልቻለም።

ሲቀበር ታናሽየው ከየት እንደሰማ እንጃ፣ መጣ። ሰዎች ክንዱን ይዘው ከአጥሩ ውጭ አስቀሩት።

ቤቱን ስታጸዳ ያንን ማጫወቻ ዓይኗ ሊያየው አልፈለገም። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥና የሚጠግን ሰውዬ ሱቅ ወሰደችውና «ውሰድልኝ፣ ምንም አልፈልግበትም» አለችው።

ሰውዬው ሲዲውን አውጥቶ ወደ ብርሃን አዘነበለው።

«ይሄማ ዛሬም ፈላጊ አለው፣ እህቴ። መልኩ አርጅቷል፤ ታሪኩ ግን አሁንም ሰው ይይዛል። ተጫውተሽዋል?»

«ባሌ ነበር የሚመርጠው። ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚመርጠው።»

«ወንድምየውን?»

«እንዴት አወቅህ?» አለች።

«ነጩ መስመር እስኪያልቅ ማንም ቁልፍ ካልነካ ጌሙ ራሱ ይመርጣላ» አለ ሰውዬው አቧራውን እያራገፈ፣ «የሚመርጠውም ሁልጊዜ እሱን ነው።»