ሹክሹክታ በፓርማ

ኤርሲሊያ ቦናልዲ በቬርቼሊ የሩዝ ማሳ ሲያርሙ ከሚውሉ ሰዎች ተወልዳ፣ በደብሯ ስትዘምር ኦርጋን ተጫዋቹ ሰምቶ ያስተማራት፣ በኋላም ሚላኖንና ናፖሊን በድምፅዋ ከመቀመጫቸው ያስነሳች ሴት ናት። መድረክ ፈርታ አታውቅም። ፓርማ ላይ ግን ፍርሃት ያዛት።

የፓርማ ሰው ኦፔራን እንደ ወይኑ ቀምሶ ይለያል። ላይኛው ሰገነት ላይ የሚቀመጡት ደግሞ አንዲት ኖታ የሳተችውን ዘፋኝ በፉጨት ነው የሚሸኟት። ኤርሲሊያን ያስፈራት ግን ሰገነቱ አልነበረም፤ አብረዋት የሚሠሩት ሰዎች ናቸው።

ልምምድ ከተጀመረ ወዲህ ሁሉም ሹክ ይባባላል። ኮሪደር ላይ ተጠጋግተው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አጠገባቸው ስትደርስ ፈገግ ይላሉ። ከሁሉም አብልጣ የጠረጠረችው ሎሬዳናን ነው፤ ኤርሲሊያ ብትታመም በቦታዋ እንድትዘፍን የተቀጠረችውን ወጣት። ልጅቷ ዘፈኖቹን አንድም ሳይቀር በቃሏ ይዛቸዋለች።

አንድ ቀን መስታወት ፊት ተቀምጣ ሳለ ከኋላዋ ሰው ቆሞ አየችና ክው አለች። ልብስ የምታለብሳት ኑንሲያታ ነበረች።

«ምነው እንደ ሌባ ትገቢያለሽ?»

«ኧረ ሲኞራ፣ በሩን ልሰብረው ምንም አልቀረኝ። ስንቴ አንኳኳሁ።»

 ይቺንም ገዝተዋታል አለች ኤርሲሊያ በሆዷ። ከዚያ ወዲያ ኑንሲያታ የምታመጣላትን ማር የገባበት ትኩስ ወተት ሳትቀምስ መድፋት ጀመረች።

ኦርኬስትራውም ተንኮል ያዘ። ተጫዋቾቹ ሆን ብለው ድምፃቸውን እየዋጡ መግቢያዋን እንደሚያሳስቷት ለመሪው ለማኤስትሮ ቴዳልዲ ነገረችው። ሽማግሌው ትክ ብሎ አያትና ጠጋ አለ።

«ኤርሲሊያ ልጄ፣ ከዚህ በላይ ከተጫወቱ ጣሪያው ይወርድብናል። ትንሽ ብታርፊስ? ሎሬዳና እኮ አለች።»

 ለካ እሱም አለበት። ሞታ ካልሆነ በቀር ቦታዋን ለማንም እንደማትለቅ ነግራው ወጣች።

የመክፈቻው ዕለት፣ እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ቴአትር ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ኤርሲሊያ መድረክ ላይ ወጣች። እንደምንም የመጨረሻው ዘፈን ላይ ስትደርስ የፈራችው መጣ። መጀመሪያ ቫዮሊኖቹ ከዷት። ቀጥለው መለከቶቹ። አውላላ ሜዳ ላይ ብቻዋን ጥለዋት የሄዱ መሰላት። ሎሬዳና ከመጋረጃው ጥግ ቆማ ታያታለች። ኤርሲሊያ ዓይኗን ከማኤስትሮው ዘንግ ሳትነቅል፣ በደረቷ ንዝረት እየተመራች ዘፈነች። የመጨረሻዋን ከፍተኛ ኖታ ስትለቃት ዓይኗን ጨፈነች።

ጸጥ አለ።

ጭብጨባ የለም። ፉጨት እንኳ የለም። ፓርማ ለዘፋኝ ከፉጨት የከፋ ቅጣት እንዳላት ያን ጊዜ ገባት። ጠበቀች፤ አሁንም ጸጥ። ማየቱን እየፈራች፣ ቀስ ብላ ዓይኗን ገለጠች።

ከታች እስከ ሰገነቱ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ መዳፉ እስኪቀላ ያጨበጭብላት ነበር።